በየስምንቱ ሦስት ፍሬ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ ልትገድለኝ የደረሰችው አንዲት የአማርኛ ቃል ናት። ስሜ ሉባባ ይባላል፤ መርሳ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ይህን የምታነቡ ሰዎች ቤታችሁ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ፣ እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቦታ ላይ አነጋገሬ ይመርራል። ገና አልበረደልኝም።

ነገሩ የጀመረው በጣቶቼ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጧት ስነሳ እጄ አልጨበጥ ይለኝ ጀመር። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ላደርግ ስል የጀሪካኑን ክዳን መክፈት ያቅተኛል። ረፋድ ላይ ትንሽ ይለቀኝና ማታ ያብጣል። ክፍል ውስጥ ጠመኔው ከእጄ ሲወድቅ ተማሪዎቼ እየተሽቀዳደሙ ያነሱልኛል፤ መጀመሪያ ላይ አብሬያቸው እስቅ ነበር። ቆይቶ ጉልበቴም ተጨመረና ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛ መደገፍ ጀመርኩ።

የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። እኛ አገር ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው አላውቅም። ክኒኑን ጨረስኩ፣ ጣቴ እንዳበጠ ነው። ሁለተኛው ሪህ ነው፣ ሥጋ አቁሚ አለኝ፤ ከዓረፋ እስከ ዓረፋ የማላገኘውን ሥጋ እንዴት እንደማቆም አልነገረኝም። ሦስተኛው መርፌ ወጋኝና ሁለት ሳምንት እንደ ልጃገረድ ዘለልኩ። መርፌው ሲያልቅ በሽታው እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። አማቴ ደግሞ ቁርጥማት ነው ብለው በየማታው ጉልበቴን በቅቤ ያሹኝ ነበር። ከሁሉም ሕክምና ውስጥ ያልጎዳኝ የእሳቸው ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሰይድ ግንበኛ ነው። ወሬ አያውቅም፤ ሥራ ነው የሚያውቀው። እጄ እምቢ ሲል ልብስ ማጠብ ጀመረ፣ ፀጉሬን ማበጠር ጀመረ። የሰፈር ሰው ሲስቅበት ቀና ብሎም አያይ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሚመጣውን ስታነቡ እንድታስታውሱት ነው።

በመጨረሻ ወልድያ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰደኝ። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተሰልፈን ሐኪም ፊት የቀረብነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወጣቱ ሐኪም ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካ አየና ለደም ምርመራ ላከኝ። ውጤቱን ይዤ ስመለስ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው አለኝ። ቤት እንዲጠብቁ የተቀጠሩ ዘበኞች የቤቱን መስኮት ራሳቸው ሲሰብሩ ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። ለበሽታው ስም ማግኘት እንዲህ እንደሚያስደስት አላውቅም ነበር፤ አለቀስኩ።

ያዘዘልኝ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። ጉበቴና ኩላሊቴ ደህና መሆኑን በደሙ አይቷል። እርጉዝ መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ፤ ይህን እየወሰዱ ማርገዝ አይቻልም አለ። ስለ አወሳሰዱ የተናገረውን ግን አልሰማሁም። በሩ ክፍት ነው፤ ወረቀት የያዘ ሰው በግራም በቀኝም አንገቱን ያስገባል። ለረጅም ጊዜ እንደሚወሰድ ገባኝ፣ ቀሪውን መድኃኒት ቤት ይነግሩኛል ብዬ ወጣሁ። ተማሪ ሳይገባው ዝም ሲል የምቆጣው እኔ፣ ሳይገባኝ ዝም አልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒቱ ስላልነበረ ሰይድ ከተማ ሊፈልግ ሄደ። እኔ መናኸሪያ ውስጥ የመርሳ ሚኒባስ ላይ ቦታ ይዤ ጠበቅሁ። ሲመለስ አንዲት ትንሽ ፖስታ ይዟል፤ ውስጧ ከምስር ብዙም የማይበልጡ ሃያ አራት ቢጫ ፍሬዎች አሉ። እንዴት ነው የሚወሰደው ስለው፣ "ሦስት ፍሬ፣ በየስምንቱ ነው ያሉኝ" አለኝ። ፖስታዋ ላይም በእስክሪብቶ "3፣ በየ8" ተብሎ ተጽፏል።

የወሎ ሰው ገበያ ውሎ ሲለያይ "የዛሬ ስምንት ያገናኘን" ይባባላል። ስምንት ማለት ሳምንት ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር መውጣታቸውን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምራለሁ። ባለመድኃኒቱ በዕድሜ የገፉ የአገራችን ሰው ናቸው፤ እንደምንነጋገረው ነው የተናገሩት። ሦስቱን ፍሬ ባንድ ላይ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ማለታቸው ነው። ነገር ግን ልጅ ያሳደገ ቤት ሁሉ ሌላ ስምንትም ያውቃል። ሕፃን ታሞ ሽሮፕ ሲታዘዝ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየስምንት ሰዓቱ ይባላል። ሦስትና ስምንት መድኃኒት ቤት ውስጥ አብረው ሲጠሩ ሰይድ የሚያውቀው ይህን ነው። እኔም ፖስታዋን አንብቤ ምንም አልመሰለኝም።

ሰይድ የስልኩን ደወል ሞላ፤ ጧት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ አራት። በደወለ ቁጥር አንዳንድ ፍሬ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራው ተነስቶ፣ ሲሚንቶ እንደነካ እጁን ታጥቦ፣ ትምህርት ቤት ድረስ ያመጣልኝ ነበር። መምህራኑ "ክኒንሽ መጣ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ውስጤ ኩራት ነበረበት፤ ከመካከላቸው እንዲህ ያለ ባል ያላት የለችም።

በሦስተኛው ቀን ምግብ ሸተተኝ። በአምስተኛው ቀን አፌ ውስጥ እሳት የገባ መሰለኝ። ከንፈሬና ምላሴ ቆሰለ፣ ድዴ ደማ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። አማቴ አይተው ምች ነው አሉ፤ ፀሐይ ላይ የበላሁት ነገር እንዳለ ጠየቁኝና ዳማ ከሴ ጨምቀው ሰጡኝ። መርሳ ያለው ክሊኒክ ደግሞ የአፍ ፈንገስ ነው ብሎ ወይን ጠጅ ቀለም ቀባኝ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም የምነግረው አይመስለኝም። አንዷ መምህርት ስሙን ስልኳ ላይ አይታ የካንሰር መድኃኒት ነው ስላለች፣ ካንሰር ይዟት ደብቃ ነው እንዳልባል ፖስታዋን ከልብስ ሥር ሸሽጌያት ነበር። እውነትም መድኃኒቱ በብዙ መጠን ለካንሰር ይሰጣል፤ በጥቂቱ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እንደ እኔ ላለው ሕመም። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቶ ነው።

ስድስተኛው ቀን ላይ በቃኝ አልኩት ሰይድን። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታችን መጥታ የነገረችንን አስታወሰኝ፤ መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ ጀርሙን ያደነድነዋል። ለሌላው መድኃኒት ትክክል ነች። ስለዚህ ፍሬዋን በማንኪያ ጀርባ ፈጭቶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ራሴን ደግፎ አጠጣኝ። አይዞሽ ትንሽ ነው የቀረው ይለኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ በስምንት ቀን ውስጥ የሁለት ወሩን መድኃኒት ጨረስን።

በዘጠነኛው ቀን ጧት አፍንጫዬ መድማት ጀመረና አልቆም አለ። እግሬ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ፣ ትኩሳቱ አንቀጠቀጠኝ። ወደ ወልድያ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ሲሪንቃን ስናልፍ ጭንቅላቴን ሰይድ ጭን ላይ አድርጌ የምርምር ጣቢያውን ዛፎች በመስኮት አየኋቸው። በልቤ ስመለስ ሬሳ ሆኜ ነው የማልፋችሁ አልኳቸው። ይህን ስል ፍርሃት እንኳ አልነበረኝም፤ ድካም ብቻ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችኝ ሲስተር የምወስደውን ሁሉ እንዳሳያት ጠየቀች። ባዶዋን ፖስታ ሰይድ ከኪሱ አወጣላት። አገላብጣ አየች፣ መቼ እንደተገዛ ጠየቀች፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይኼ እኮ በሳምንት አንዴ ነው" አለች። "ማነው በየቀኑ ያስዋጠሽ?"

ሰይድ ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። ፊቱን አየሁት። ገና ያኔ ነው የገባው። መናገር ስለማልችል በእጄ ወረቀት ጠየቅሁ፤ ባበጡት ጣቶቼ እስክሪብቶውን ይዤ "ራሴ" ብዬ ጻፍኩ። ሲስተሯ አነበበችውና ካርዴን አይታ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ አለችኝ። ሰይድ ባዶዋን ፖስታ ከእጇ ተቀብሎ መልሶ ኪሱ ከተታት።

ዋናው ሐኪም ሰይድን ሥራው ምን እንደሆነ ከጠየቁት በኋላ አጠገቤ ቆመው እንዲህ ብለው አስረዱት። ሰውነት በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ ቤት ነው። ለግንባታው ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ያስፈልገዋል፤ እንደ ሲሚንቶ ቁጠረው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ሲሚንቶ መስሎ ጆንያ ውስጥ የገባ አመድ ነው። ግንበኛው ሳያውቅ ይቀበለውና ግንቡ አይይዝለትም። በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት ሲገባ የሚያስቸግሩት ዘበኞች ይበርዳሉ፤ የተቀሩት ስድስት ቀናት ሰውነት የጎደለውን መልሶ ይሠራል። በየቀኑ ከገባ ግን ፋታ የለም። ቶሎ ቶሎ የሚታደሱት ቦታዎች ናቸው ቀድመው የሚፈርሱት፤ አፍ፣ አንጀት፣ ፀጉር፣ ከሁሉ በላይ ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔ። የእኔ ነጭ የደም ሴሎች ሊያልቁ ደርሰው ነበር፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትም እንዲሁ። ሐኪሙ ይህን ሲናገሩ ሰይድ የራሱን መዳፍ ያይ ነበር።

ማርከሻ አለው አሉን። ፎሊኒክ አሲድ ይባላል፤ አመዱ የዘጋውን መንገድ ዞሮ የሚገባ ተዘጋጅቶ ያለቀ ሲሚንቶ ነው። ተራው የቫይታሚን ክኒን ያን ያህል አያልፍም። ፎሊኒኩ ወልድያ አልነበረም። ሰይድ በዚያው ሰዓት ደሴ ወረደ፤ ደሴም አጣው። አዲስ አበባ ያለ የአጎቱ ልጅ አንድ ቀን ሙሉ ፈልጎ አገኘና በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላከው። እስኪደርስ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔን ሌላ በሽታ እንዳይዘኝ ብለው ዕቃ የሚቀመጥባትን ጠባብ ክፍል አጽድተው ለብቻዬ አስተኙኝ፤ በደም ሥሬ ፈሳሽና የጀርም መድኃኒት ይገባል። ወንድሜ አሕመድ ከሐራ መጥቶ ደም ሰጠኝ።

እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት ልናገራቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትኩሳቱ ይነሳል፤ ከተኛሁበት የሌላ ሰው ለቅሶ ይሰማኛል። ፀጉሬ ትራሱ ላይ እፍኝ እፍኝ ይቀራል። መጮህ ፈልጌ አፌ አይከፈትም። አንድ ደግነት ግን አልረሳም። ጽዳት የምትሠራው ውድነሽ የምትባል ሴት በመርፌ ቱቦ፣ ያለ መርፌው ማለቴ ነው፣ ውሃ እየሳበች በጉንጬ በኩል ጠብ ጠብ ታደርግልኝ ነበር። የሷ ሥራ አልነበረም። በድንግል ስም አይዞሽ ትለኛለች፣ እኔ በዓይኔ አሚን እላታለሁ።

እንደማልተርፍ ስላሰብኩ ኑዛዜ ጻፍኩ። ልጄ ሐያት ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ቤቱ የአማቴም እንደሆነ። ለወንድሜ ደግሞ ለብቻ "ሰይድን እንዳትቀየሙት" ብዬ ጀመርኩና ቆም አልኩ። ያ ዓረፍተ ነገር የደበቅሁትን ሁሉ ይናገራል። ከመሞቴ በላይ ያስፈራኝ እኔ ከሞትኩ በኋላ ሰይድ ምን እንደሚሆን ነው። ወረቀቱን ቀዳድጄ ትራሴ ሥር አደረግሁት።

ማርከሻው ደረሰ። ወዲያው ተአምር አልሠራም። እንዲያውም በማግሥቱ የደም ቁጥሬ ከነበረበት ወረደ፣ የሐኪሞቹ አስተያየት ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በአሥረኛው ቀን ነጭ ሴሎቹ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ጉንጭ ወተት ስውጥ ሲስተሯ አጨበጨበች። አልሐምዱሊላህ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በእግሬ ሄጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እቤት ውስጥ ግን ሌላ ሕመም ጠበቀኝ። አሕመድ ባለመድኃኒቱን ካልከሰስኩ ይላል። ሰይድ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ወጥቶ ይሄዳል። አሕመድ አንድ ቀን ሚስትህ ልትሞት ደርሳ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ ብሎ ሰደበው፤ ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። እኔ ውሸቴን አጠንክሬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተወው አልኩ። ወንድሜ ተቀይሞኝ ሐራ ገባ።

ከሦስት ወር በኋላ ደሜ ሙሉ በሙሉ ሲስተካከል መጀመሪያ ያየኝ ወጣቱ ሐኪም ያንኑ መድኃኒት እንደገና እንድጀምር ነገረኝ። መድኃኒቱ ክፉ አይደለም፣ እጆችሽን የሚያተርፋቸው እሱ ነው አለ። ሦስቱ ቀርቶ ሁለት ፍሬ፣ ሰኞ ብቻ። "ሰኞ" የሚለው በፊደል ተጽፎ፣ የአራት ሳምንት ብቻ ተቆጥሮ ተሰጠኝ። በሌሎቹ ቀናት ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ። በየጊዜው ደሜን፣ ጉበቴንና ኩላሊቴን አስመረምራለሁ። አሁን የትኛውም ክሊኒክ ስገባ ገና ሳልቀመጥ ይህን እወስዳለሁ እላለሁ፤ ከእሱ ጋር የማይስማሙ መድኃኒቶች አሉ፣ ባክትሪም የሚባለው አንዱ ነው፤ የሕመም ማስታገሻም ሳልጠይቅ አልውጥም። አፌ ውስጥ ቁስል ካየሁ፣ ካተኮሰኝ፣ ያልለመድኩት ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ መድኃኒቱን አቁሜ በዚያው ቀን ሆስፒታል እሄዳለሁ። እናንተም መድኃኒት የሚሰጣችሁን ሰው የቀኑን ስም አስጽፉት። ከዚያ ምን ብሎ እንደነገራችሁ መልሳችሁ ንገሩት። ማፈር አያስፈልግም፤ እኔ አፍሬ ያገኘሁትን አይታችኋል።

ጣቶቼ አሁን ጠመኔ ይይዛሉ። ፀጉሬ ተመልሷል፣ ሳስቶ። ሰይድ ግን የመድኃኒቱን ዕቃ በእጁ አይነካም። ሰኞ ማታ ውሃ ስቀዳ ካየ ተነስቶ ደጅ ይወጣል፣ ውጬ እስክጨርስ አይገባም። ልብሴን ያጥባል፣ ያበጥረኛል፣ ግን ዓይኔን አያይም። ብዙ ጊዜ ላናግረው ሞከርኩ፤ ሥራ አለብኝ ይላል።

ባለፈው ወር ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ "መድኃኒቱን ተሳስቼ በየስምንት ሰዓቱ ወሰድኩ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ይስማው ብዬ ለሰይድ አነበብኩለት። ሳልጨርስ አስቆመኝ።

"እንዲህ ከሆነ የሚያነበው ሰው ተሳስታ ነው ብሎ ያልፈዋል" አለኝ። "ማወቅ ያለበት እኮ እንደ እኔ ያለው ነው። ሚስቱን ወዶ፣ ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠጣው።"

ከዚያ ስንት ወር ያቀረቀረ ፊቱን ቀና አደረገና አየኝ። አፉ በይኝ አለኝ። ድሮ አፉ ብዬሃለሁ አልኩት። አውቃለሁ፣ ራሴ አሕመድ ዘንድ ሄጄ እነግረዋለሁ አለ፤ በነጋታውም ሐራ ሄዶ ነገረው። ያን ማታ ግን ረቂቁን ከእጄ ወስዶ የሚቀየረውን መስመር በጣቱ አሳየኝ።

"ሰውየው ስምንት ነው ያለኝ" አለ። "ሰዓት የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊው።"

እንዳለኝ ጻፍኩት።